የሰባራ ድልድይ ቅስትና የብዙ እኩልዮሾች አፈታት

ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ዐባይ ቈላ የወረደ መንገደኛ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረውን ሰባራ ድልድይ ያገኛል። ድልድዩ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ ማለት በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው። ስሙን ያገኘው ግን በኋለኛው ዘመን ነው፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ተብሎ ከቅስቶቹ አንዱ እንደ ተሰበረ ይነገራል። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሰውም ዕቃም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ክፍተቱን በብረት አያይዞት ነበር፤ በ2005 ደራሽ ውሃ ብረቱን ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ለእግረኛ የሚሆን በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ።

የድልድዩን ታሪክ ለታሪክ ተማሪዎች እንተውላቸዋለን። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ ያሰብነው በዚያ ቅስት ፊት የቆመ የሒሳብ ወይም የምሕንድስና ተማሪ የሚጠይቀውን ነገር ነው፤ ይኸውም ወንዙ ሲሞላ የቀረው የድንጋይ ሥራ ምን ያህል ይገፋል፣ ከድንጋዮቹስ የትኛው ተጨምቆ፣ የትኛው ላልቶ ይገኛል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ዘዴ አለ። ነገር ግን ዘዴው መልሱን የሚሰጠው በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠሩ እኩልዮሾች በአንድነት ከተፈቱ በኋላ ነው። አፈታቱን ያላወቀ ሰው ኮምፒዩተሩ ሞልቶ ይቆምበትና ጥያቄውን ይተወዋል፤ ያወቀ ግን በዚያው ኮምፒዩተር ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ለትልልቅ ግድቦችና ለታላላቅ ድልድዮች ትልልቅ መሣሪያ ይገኝላቸዋል፤ በየቈላው ላለ ለአሮጌ የድንጋይ ድልድይ ግን ከአንድ ተማሪ ኮምፒዩተር በቀር የሚመደብለት ነገር ስለማይኖር የአፈታቱ ነገር ዋና ቁም ነገር ይሆናል።

ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል። ሐሳቡን ሪቻርድ ኩራንት የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው ጽሑፍ እናገኘዋለን፤ ስሙን ያወጣለት ግን በ1960 የካሊፎርኒያው መምህር ሬይ ክላፍ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። የድንጋዩን ሥራ በሐሳብ ወደ ትናንሽ ክፍሎች እንከፋፍላለን፤ በየክፍሉም ላይ አንጓ የምንላቸውን ነጥቦች እንተክላለን። እያንዳንዱ አንጓ ጭነት ሲመጣበት ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ጥቂት ይንቀሳቀሳልና ሦስት ያልታወቁ ቍጥሮች አሉት። አንዱ አንጓ ሲገፋ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ስለዚህ በየአንጓው ላይ የኀይሉን ሚዛን ብንጽፍ ያልታወቁትን ያህል እኩልዮሾች እናገኛለን። የእነዚህ እኩልዮሾች ማባዣዎች በረድፍና በዐምድ ሲደረደሩ የግትርነት ማትሪክስ ይባላሉ።

በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ በቀጥተኛ መስመር እንደሚለወጥ ብንገምት ማዕርጉ አንድ ነው እንላለን። በጎበጠ መስመር፣ ማለት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማዕርግ ባለው ፖሊኖሚያል እንደሚለወጥ ብንገምት ግን በየክፍሉ ብዙ አንጓ መትከል ግድ ይሆናል፤ ዋጋውም ይመለሳል። የሚፈለገው እንቅስቃሴ ለስላሳ በሆነበት ስፍራ የየክፍሉን ጎን በግማሽ ብናሳጥር፣ ማዕርጉ አንድ የሆነው ዘዴ ስሕተቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ማዕርጉ አራት የሆነው ግን ወደ ሠላሳ ሁለተኛ ያወርደዋል። ስሕተቱን ወደ ሠላሳ ሁለተኛ ለማውረድ ባለ አራት ማዕርጉ የአንጓዎቹን ቍጥር 8 ጊዜ ብቻ ሲያበዛ፣ ባለ አንድ ማዕርጉ ወደ 181 ጊዜ ማብዛት አለበት። አንዳንዶቹ ሊቃውንት ፖሊኖሚያሎቹን የሚመርጡት ከፍ ያለው ማዕርግ ሲጨመር የታችኛው ሳይፈርስ እንዲቆይ አድርገው ነው። በቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በሌላ የጎጃም ጉባኤ ቅኔ የተማረ ወዳጅ ያለው አንባቢ ይህ አይከብደውም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚወጣ ተማሪ በላይ ሲጨምር የታችኛውን አይጥልምና።

አሁን ነገሩን በቍጥር እንየው። ከቅስቱ እግር አንድ ኩብ የሆነ የድንጋይ ሥራ ወስደን በየጎኑ ዐሥር ዐሥር አድርገን ወደ 1,000 ክፍሎች ከፈልነው እንበል፤ ማዕርጉም አራት ይሁን። በየጎኑ 41 አንጓዎች ይሰለፋሉ፤ በጠቅላላው 68,921 አንጓዎች፣ 206,763 ያልታወቁ ቍጥሮች ይሆናሉ። በትምህርት ቤት እንደ ተማርነው አንዱን ያልታወቀ ከአንዱ እኩልዮሽ አውጥተን በሌሎቹ እየተካን ብንሄድ፣ ማትሪክሱ በሰያፉ ግራና ቀኝ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ግማሹ ይቀርልናል፤ እንዲያም ሆኖ የማባዛቱ ቍጥር ያልታወቁት ቍጥር ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ለስድስት የተካፈለውን ያህል ነው። ይህ በሰኮንድ ዐሥር ቢሊዮን ጊዜ ለሚያባዛ ኮምፒዩተር 41 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰዓቱስ ይሁን፤ ማትሪክሱን በግማሹ እንኳ ለመያዝ 171 ጊጋባይት ስለሚያስፈልግ ሥራው ከነጭራሹ አይጀመርም።

ደግነቱ የማትሪክሱ አብዛኛው ስፍራ ዜሮ ነው። አንድ አንጓ እኩልዮሽ የሚጋራው በአንድ ክፍል ውስጥ አብረውት ካሉት ጋር ብቻ ነው። በምሳሌያችን ዜሮ ያልሆኑት ስፍራዎች ወደ 126 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ይህም ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ብልሃቱ ሁሉ ዜሮውን ዜሮ እንደ ሆነ ማቆየት ነው፤ ለዚህም የቍጥር አሰጣጡ ሥርዐት ትልቅ ነገር ነው።

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ እናስብ። በመንገዱ ላይ ደብረ ወርቅ፣ ፈለገ ብርሃንና ቀራንዮ አሉ። የእነዚህን ከተሞች ከፍታ ለማወቅ አንድ ቀያሽ በየሁለቱ ጎረቤት ከተሞች መካከል ያለውን ልዩነት ቢለካ፣ የእያንዳንዱ ከተማ እኩልዮሽ የሚነካው ከፊቱና ከኋላው ያለውን ብቻ ነው። ከተሞቹን በመንገዱ ተራ ብንቈጥራቸው ዜሮ ያልሆኑት ቍጥሮች ሁሉ በሰያፉ አጠገብ ይሰበሰባሉ፤ እኛ መቀነት የምንለውም ይህንኑ ነው። በፊደል ተራ ብንቈጥራቸው ግን ጎረቤቶቹ ይራራቁና መቀነቱ ይሰፋል። ምሳሌውን ከቅየሳ የወሰድነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለውን ማትሪክስ ወደ ሁለት ሦስት ማዕዘን ከፍሎ የሚፈታውን ዘዴ ያወጣው አንድሬ ሉዊ ሾለስኪ የፈረንሳይ ጦር መኰንንና ቀያሽ ነበረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1918 ሞተ፤ ዘዴው በጽሑፍ የወጣለት በ1924 ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ በየቀኑ የሚሠራበት የእርሱ ሥራ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ሙሌት ነው። አንዱን ያልታወቀ ስናስወግድ ከእርሱ ጋር ይገናኙ የነበሩት ሁሉ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ ዜሮ የነበረውም ስፍራ ይሞላል። ሃያ መንደሮች በአንድ ገበያ ብቻ ይገናኛሉ እንበል። ገበያውን አስቀድመን ብናፈርሰው እያንዳንዱ መንደር ከሌሎቹ ከዐሥራ ዘጠኙ ጋር በቀጥታ መንገድ ማውጣት ግድ ይሆንበታል፤ መንደሮቹን አንድ በአንድ አስወግደን ገበያውን ለመጨረሻ ብንተወው ግን አንድም አዲስ መንገድ አይወጣም። እኩልዮሾቹ ያው ናቸው፤ መልሱም ያው ነው፤ የድካሙ መጠን ግን በማን ይጀመር በሚለው ብቻ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 አላን ጆርጅ ያወጣው ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ አገሩን በአንድ ሸንተረር ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ አስወግዶ፣ ሸንተረሩን ለመጨረሻ ይተዋል፤ እያንዳንዱን ወገንም እንደ ገና እንዲሁ ይከፍላል።

ወደ ኩባችን እንመለስ። አንጓዎቹን በንብብር በንብብሩ ብንቈጥር የመቀነቱ ስፋት በአንድ ወገን 20,678 ይሆናል። ሥራው ከ41 ሰዓት ወደ 74 ደቂቃ ይወርዳል። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ሆኖም 34 ጊጋባይት ይፈልጋልና 16 ጊጋባይት ብቻ ያለው ኮምፒዩተር አሁንም አይችለውም። እዚህ ላይ ከፍተኛው ማዕርግ ዕዳውን ያሳያል። በእነዚሁ 68,921 አንጓዎች ላይ ማዕርጉ አንድ የሆኑ 64,000 ትናንሽ ክፍሎች ብንሠራ መቀነቱ አራት ጊዜ ይጠባል፤ ሥራውም ዐሥራ ስድስት ጊዜ ያንሳል። «እንግዲያው ከፍተኛ ማዕርግ ለምን አስፈለገ?» የሚሉ ሰዎች የሚያነሡት ይህን ነው። የሚረሱት ነገር ግን ባለ አራት ማዕርጉ ክፍል በጓዳው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችለው ብዙ ጉዳይ ያለው መሆኑን ነው።

በክፍሉ ውስጥ፣ ማለት በጠርዙም በፊቱም ላይ ሳይሆን በመካከሉ ያለ አንጓ፣ ከሌላ ክፍል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁለት ባለ ርስቶች በወሰን ሲከራከሩ ሽማግሌ የሚጠራው ለወሰኑ ነው፤ አንዱ ገበሬ በእርሻው መካከል ጤፍ ይዝራ ወይም ገብስ ለሸንጎ አይቀርብም። እንደዚሁም የየክፍሉን ውስጥ በየክፍሉ አስቀድሞ አስወግዶ ወደ ትልቁ ማትሪክስ የወሰኖቹን ጉዳይ ብቻ ማቅረብ ይቻላል።

አንባቢ በወረቀት ሊሞክረው የሚችል ምሳሌ እንስጥ። ርዝመቱ አንድ፣ ግትርነቱም አንድ የሆነ ዘንግ ይኑር። ማዕርጉ ሁለት ከሆነ ሦስት አንጓዎች አሉት፤ ሁለቱ በጫፍና በጫፍ፣ አንዱ በመካከል። የግትርነቱ ማትሪክስ ረድፎች 7፣ −8፣ 1፤ ቀጥሎ −8፣ 16፣ −8፤ ቀጥሎ 1፣ −8፣ 7 ናቸው፤ ሁሉም ለ3 ይካፈላሉ። የመካከለኛውን አንጓ እናስወግድ። በ7 ፈንታ 7 ሲቀነስ 64 ሲካፈል ለ16፣ ማለት 3 ይሆናል፤ በ1 ፈንታ ደግሞ 1 ሲቀነስ 4፣ ማለት −3 ይሆናል። ለ3 ስናካፍለው የቀረው 1፣ −1፤ ቀጥሎ −1፣ 1 ነው። ይህ ማዕርጉ አንድ የሆነው የዘንግ ማትሪክስ ራሱ ነው። በዘንጉ ላይ እኩል የተበተነ ጭነት ቢኖርም በሦስቱ አንጓዎች ላይ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ፣ አራት ስድስተኛና አንድ ስድስተኛ ይውላል፤ መካከለኛው ሲወገድ የእርሱ ድርሻ ለሁለት ተከፍሎ በየጫፉ ግማሽ ግማሽ ይደርሳል። ጫፎቹ ከታወቁ በኋላ የመካከሉ ቦታ የሁለቱ ጫፎች አማካይ ሆኖ በላዩ የጭነቱ ስምንተኛ ይጨመርበታል፤ ይህም ትክክለኛው መልስ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ የወሰኑ ጉዳይ ሳይለወጥ መቅረቱ የአንድ ስፋት ጸባይ ነው፤ በኩብ ላይ ግን በፊቶቹና በጠርዞቹ ላይ ያሉት ተጨማሪ አንጓዎች ስለሚቀሩ ከፍተኛው ማዕርግ ጥቅሙን ይዞ ይቆያል።

በኩባችን እያንዳንዱ ክፍል ካሉት 125 አንጓዎች 27ቱ የውስጥ ናቸው። እነርሱን ካስወገድን በኋላ ለትልቁ ማትሪክስ የሚቀሩት 41,921 አንጓዎች፣ 125,763 ያልታወቁ ናቸው። መቀነቱ ወደ 12,600 ገደማ ይጠባል፤ ሥራው ወደ 17 ደቂቃ ይወርዳል፤ የሚፈልገውም ስፍራ 13 ጊጋባይት አይሞላም። በ16 ጊጋባይት ኮምፒዩተር ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የውስጦቹን ማስወገድ ራሱ ከአንድ ሰኮንድ በታች ነው፤ አንዱ ክፍል ሌላውን ስለማይጠብቅም ለብዙ ሠራተኛ ሊከፋፈል ይችላል። ማዕርጉ ስምንት ቢሆን ከ531,441 አንጓዎች 343,000ው የውስጥ ስለ ሆኑ የሚቀርልን ገና ይበዛል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማስወገድ ነው። ሌላው መንገድ መልሱን ገምቶ፣ ስሕተቱን መዝኖ፣ ግምቱን እያረሙ መቅረብ ነው። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ሄስተንስና ሽቲፈል እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ኮንጁጌት ግራዲየንት ነው። በየዙሩ የሚፈልገው ማትሪክሱን በአንድ ዐምድ ቍጥር ማባዛት ብቻ ነው፤ ማትሪክሱን አያፈርሰውም፤ ሙሌትም የለበትም። በምሳሌያችን አንድ ዙር 126 ሚሊዮን ማባዛት ነው፤ ሺሕ ዙር ቢፈጅ እንኳ በሒሳቡ ከ13 ሰኮንድ አይበልጥም። በተግባር ግን ኮምፒዩተሩ ከማባዛት ይልቅ ቍጥሮቹን ከጎተራ በማምጣት ጊዜውን ይጨርሳል፤ ጠላውን ከመጥመቅ ይልቅ ውሃውን ከወንዝ ማመላለሱ እንደሚያደክም ማለት ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ማዕርግ የሚሠሩ ሰዎች ማትሪክሱን ጨርሶ አያከማቹም። ክፍሉ ኩብ ከሆነ ፖሊኖሚያሎቹ የሦስት አቅጣጫዎች ብዜት ስለ ሆኑ በሦስቱም አቅጣጫ በየተራ ማባዛት ይቻላል፤ በማዕርግ አራት ለአንድ ክፍል 15,625 የነበረው ማባዛት በአንድ ጊዜ ጕዞ 1,875 ይሆናል፤ በማዕርግ ስምንት ደግሞ 531,441 የነበረው 19,683 ይሆናል። ጕዞው ጥቂት ጊዜ መደጋገም ቢኖርበትም ትርፉ ግልጽ ነው። ይህን አሠራር ስቲቨን ኦርዛግ እ.ኤ.አ. በ1980 ገልጾታል።

የዚህ መንገድ አስቸጋሪው ነገር የዙሩ ቍጥር አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ክፍሎቹ ባነሱ፣ ማዕርጉ ከፍ ባለ፣ ጠንካራ ድንጋይና ለስላሳ ኖራ ጎን ለጎን በዋሉ ቍጥር ዙሩ ይበዛል። አንጓዎቹን በእኩል ርቀት መትከልም ማዕርጉ ከፍ ሲል ነገሩን ያበላሸዋል፤ ወደ ጠርዙ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መትከል ይሻላል። ዋናው መድኀኒት ግን በየዙሩ ስሕተቱን በቀላል ዘዴ አስቀድሞ ማለስለስ ነው። ከእነዚህ መልቲግሪድ የተባለው፣ በሶቪየቱ ፌዶሬንኮ በ1960ዎቹ ተጀምሮ በአኪ ብራንት በ1977 የተስፋፋው፣ ለእኛ ጉዳይ ተስማሚ ነው። አጭር አጭር የሆነውን ስሕተት በከፍተኛው ማዕርግ ላይ ያለሰልሳል፤ ረጅሙን ስሕተት ወደ ታችኛው ማዕርግ፣ ከአራት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አውርዶ በዚያ ጥቂት ያልታወቁ ባሉበት ይፈታዋል፤ ከዚያም ይዞት ይወጣል። መልካም ሆኖ ሲሠራ የዙሩ ቍጥር ከመቶዎች ወደ ጥቂት ዐሥሮች ይወርዳል፤ ክፍሎቹ ቢበዙም እምብዛም አይጨምርም።

እንግዲህ ለሰባራ ድልድይ የትኛው ይሻላል? የሚጠየቀው የውሃው ከፍታ በየሜትሩ ቢለወጥ፣ የተጫነ አህያ በዚህ ወይም በዚያ ቢቆም ምን ይሆናል የሚለው ብቻ ከሆነ ማስወገዱን እንመርጣለን። ማትሪክሱ ያው ነው፤ የሚለወጠው ጭነቱ ነው፤ አንድ ጊዜ 17 ደቂቃ ከደከምን በኋላ ለእያንዳንዱ አዲስ ጭነት ማባዛቱ ከግማሽ ሰኮንድ በታች ነው። ማዕርጉን ከፍ ማድረግ ግን በየስፍራው አይገባም። ቅስቱ ከእግሩ ጋር በሚጋጠምበት ማዕዘንና በተሰበረው ጠርዝ ላይ ውጥረቱ ለስላሳ አይደለም፤ በዚያ ስፍራ ክፍሉን ማሳነስ እንጂ ማዕርጉን መጨመር ብዙ አይጠቅምም። በቅስቱ ገላ ላይ ከፍተኛ ማዕርግ፣ በማዕዘኑ ትናንሽ ክፍሎች፤ እኛ የምንደግፈው ይህን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። በኖራ የተያያዘ ድንጋይ መጨመቅን ይችላል፤ መሳብን ግን እምብዛም አይችልም፤ ሲሳብ መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንፈታለን፤ የተሳቡትን መጋጠሚያዎች ለይተን እንለቃለን፤ እንደ ገናም እንፈታለን። ውሃው ከፍ እያለ ሲሄድ ይህ 200 ጊዜ ቢደጋገም በመቀነቱ ብቻ ዐሥር ቀን፣ ውስጡን አስቀድሞ በማስወገድ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። ነገር ግን መጋጠሚያውን በአንጓና በአንጓ መካከል እንዳለ ጠንካራ ሞላ ብንቈጥረው፣ አንድ ሞላ መንቀል ማትሪክሱን የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፤ ሸርማንና ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ቀመር መሠረት የድሮውን ማስወገድ ሳናፈርስ ለእያንዳንዱ የተነቀለ ሞላ አንድ ተጨማሪ መፍታት ብቻ እንጨምራለን። ሠላሳ ሞላዎች ቢነቀሉ ተጨማሪው ሥራ ዐሥር ሰኮንድ ያህል ነው። የተነቀሉት ወደ 3,000 ሲጠጉ ግን ተጨማሪው ሥራ ከዋናው ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እንደ ገና ከመጀመሪያው ማስወገድ ይሻላል።